ማስተካከያ፦ አዲሱ ሪቨን ምስሉ የጠራ የድሮ ጌም ብቻ አይደለም

ሪቨን እንቆቅልሽ እየፈቱ የሚጫወቱት የኮምፒውተር ጌም ነው። ስለ እሱ ቀደም ሲል የወጣው መረጃ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ስሪት የ1997ቱ ጌም ምስሉ ብቻ ጠርቶ የቀረበ ነው፣ የድሮ አድናቂዎችም አልወደዱትም ይላል። ሁለቱም መታረም አለባቸው።

ሠሪው ድርጅት ሳያን ጌሙን እንደ አዲስ ነው የገነባው። የድሮው በአምስት ሲዲ የመጣ፣ በማውስ እየተጫኑ ከአንድ ቋሚ ምስል ወደ ሌላው የሚኬድበት ነበር። አሁን ጌሙ በሚካሄድባቸው ደሴቶች ላይ እንደልብ መዘዋወር ይቻላል፤ ጌሙ ውስጥ የገቡ ያህል በሚያሳይ የቪአር መነጽርም ይሠራል። ትልቁ ለውጥ ግን እንቆቅልሾቹ ላይ ነው። ከዋና ዋናዎቹ መካከል የተቀየሩ አሉ። የድሮውን መልስ በቃሉ የያዘ ሰው እንኳ እንደገና ማሰብ አለበት። እኔን ከሁሉም ያስደሰተኝ ይኸው ነው። አንዴ የፈቱትን ጌም እንደ አዲስ መፍታት በቀላሉ የሚገኝ ዕድል አይደለም።

አድናቂዎቹም በአብዛኛው በደስታ ነው የተቀበሉት። ቅሬታ ግን አለ። በድሮው ላይ በቪዲዮ የተቀረጹ እውነተኛ ተዋንያን ነበሩ፤ አሁን በኮምፒውተር በተሠሩ ገጸ ባሕርያት ተተክተዋል። ፊታቸው ሕይወት ይጎድለዋል የሚሉ አሉ። ቅሬታው ተገቢ ነው፤ ጌሙን በሙሉ ጠልተውታል ግን አያሰኝም።