የደቡብ ኦሞ ቋንቋ የኤሊየን ድምፅ አይደለም

«ለኤሊየን ቋንቋ መፍጠር ብር ማባከን ነው። ተመልካች የሚያነበው ከስር ያለውን ጽሑፍ ነው። ከደቡብ ኦሞ ቋንቋዎች አንዱን እንወስዳለን፣ ድምፁን ትንሽ እናጎረንነዋለን፣ አለቀ። ማን ያውቃል?»

ይህን ያለው ኤሊየኖች፣ ማለትም ከሌላ ዓለም የሚመጡ ፍጡራን፣ ስላሉበት የሳይንስ ፊክሽን ፊልሙ ሰሞኑን በዩቲዩብ ቃለ መጠይቅ ሲደረግለት የነበረ ፕሮዲዩሰር ነው። ጠያቂው ሳቀ። ከቪዲዮው ስር አስተያየት የሰጡትም ብዙዎቹ «ብልጥ ነው» ብለው አደነቁት። እኔ ግን ተናድጃለሁ። ንዴቴም እስካሁን አልበረደም።

ከመጨረሻዋ ጥያቄ ልጀምር። ማን ያውቃል? ሐመሮች ያውቃሉ። ዳሰነቾች ያውቃሉ። አሪዎች ያውቃሉ። ጂንካም ስልክ አለ፣ ዩቲዩብ አለ። ፊልሙን ከፍቶ የእናቱን ቋንቋ ከጭራቅ አፍ የሚሰማ ልጅ ይኖራል። «ማን ያውቃል» ማለት ይህ ልጅ ተመልካች አይደለም ማለት ነው። ቢያይም አይቆጠርም ማለት ነው። ሌላ ቀና ትርጉም ልሰጠው ብሞክር አልተገኘልኝም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1983 በወጣው የስታር ዋርስ ፊልም ውስጥ ኒየን ነንብ የሚባል ከሌላ ዓለም የመጣ አብራሪ አለ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ድምፁን የሰጠው አሜሪካ ይማር የነበረ ኬንያዊ ተማሪ ነው። በአብዛኛው የሚናገረውም ኪኩዩ የሚባለውን የኬንያ ቋንቋ ነው። ለአሜሪካ ተመልካች ትርጉም የሌለው የባዕድ ድምፅ ነበር። ኬንያ ውስጥ ላየው ሰው ግን የጎረቤቱ ወሬ ነው። ኬንያውያን ቃላቱን ሲለዩ ደስ ብሏቸዋል። ደስታቸውን አልነፍጋቸውም። ግን ሚሊዮኖች የሚወልዱበትና የሚቀብሩበት ቋንቋ ለሌላው ዓለም የጠፈር ፍጡር ድምፅ ሆኖ ቀረ። የእኛው ሰው ከ40 ዓመት በኋላ ይህንኑ እንደ አዲስ ብልጠት ያመጣልናል። እነሱ የወሰዱት የሩቅ ሀገር ቋንቋ ነው። እሱ የራሱን ሀገር ሰው ነው ባዕድ የሚያደርገው።

«ተመልካች የሚያነበው ከስር ያለውን ጽሑፍ ነው» የሚለውንም እንየው። ስታር ትሬክ በሚባሉት የጠፈር ፊልሞች ውስጥ ያሉትን ክሊንጎን የሚባሉ ፍጡራን ቋንቋ የሠራው ማርክ ኦክራንድ ነው። የሰውየው መደበኛ ሥራ ምን ነበር? መስማት ለተሳናቸው ተመልካቾች የቴሌቪዥን ፕሮግራሞችን ከስር በጽሑፍ የሚያቀርብ ተቋም ውስጥ ነበር የሚሠራው። ከስር የሚጻፍ ጽሑፍ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ግን ለ1984ቱ ፊልም ሲጠራ ጽሑፉ ይበቃል አላለም። ድምፁን መረጠ። ሰዋስው አበጀ። ቅጥያዎቹን አንድ በአንድ ሠራ። ቀረጻው ላይ ተገኝቶ ተዋናዮቹን አስጠና። ተዋናዩ ቃል ተሳስቶ ቀረጻው ግን ካማረ፣ ስህተቱ ሕግ እንዲሆን ቋንቋውን ራሱን ያስተካክል ነበር። በ1985 መዝገበ ቃላቱ ታተመ።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ጆሮ ስለሚሰማ ነው። ዓረብኛ የማይችል ሰው እንኳ ዓረብኛ ሲወራና አንዱ ዓረብኛ እያስመሰለ ሲቀባጥር ይለያል። ሥርዓት ያለው ንግግር ይታወቃል። ድምፆቹ ይደጋገማሉ፣ ጥያቄው የጥያቄ ዜማ አለው፣ ስድቡ ያጥራል። ተዋናዩም የሚለውን ሲያውቅ ፊቱ ሌላ ነው። ትርጉም የሌለው ድምፅ የሚያወጣ ተዋናይ ዓይኑ ባዶ ይሆናል። ያንን ደግሞ ከስር ያለ ጽሑፍ አይሸፍነውም።

ደግሞም ቋንቋ ከተናጋሪው አካልና ኑሮ ተነጥሎ አይገኝም። ለ2009ኙ አቫታር ፊልም ናቪ የሚባሉትን የሌላ ዓለም ፍጡራን ቋንቋ የሠራው ፖል ፍሮመር ይህን ስለሚያውቅ ነው የተሳካለት። እኛ አሥር ጣት አለን፤ በአሥር እንቆጥራለን። ናቪዎች በአንድ እጃቸው አራት ጣት ነው ያላቸው። ስለዚህ በስምንት ይቆጥራሉ። በ2022ቱ ሁለተኛ ፊልም ባሕር ዳር የሚኖሩ ናቪዎች ሲመጡ ደግሞ የራሳቸው ዘዬ ተበጀላቸው። የጫካዎቹ እንደ ጠ የሚያፈነዱትን ድምፅ እነዚህ ወደ ድ ያለዝቡታል። የጎጃምን ከወሎ የምንለይበት ጆሮ ያለው ሰው ይህ ምን ያህል እውነት እንደሚጨምር ይገባዋል።

እዚህ ላይ ነው ፕሮዲዩሰሩ ያመለጠው ትልቅ ነገር ያለው። ፍሮመር ለናቪ ከመረጣቸው ድምፆች ሦስቱ የእኛው ጰ፣ ጠ እና ቀ ናቸው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ተዋናይ ይታገላቸዋል። የእኛ ልጅ አፉን ሲፈታ ይላቸዋል። ለሆሊውድ ጆሮ ባዕድ የሆነው ለእኛ የቤት ድምፅ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ለኢትዮጵያ ተመልካች እውነተኛ ባዕድ ቋንቋ ሆሊውድ ሊሠራልን አይችልም። ከእኛ ቋንቋዎች ተነስቶ፣ ከእኛ ቋንቋዎች በሚርቅ መንገድ ሊሠራው የሚችለው የእኛ ሰው ብቻ ነው።

የቃላት ቅደም ተከተልን ውሰዱ። ኦክራንድ ለክሊንጎን የመረጠው በዓለም ቋንቋዎች ውስጥ እጅግ ጥቂት የሆነውን ነው። ተሳቢው መጀመሪያ፣ ግሱ ቀጥሎ፣ ባለቤቱ መጨረሻ። «አበበ በሶ በላ» ብለን ያደግነው «በሶ በላ አበበ» ይሆናል። እኛ ግሱን እስከ መጨረሻ እየጠበቅን የምናዳምጥ ሰዎች ነን። አድራጊውን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ንግግር ያንን ልማዳችንን ይነካዋል። እንግሊዛዊው እንዲህ አይሰማውም። እሱ ግሱን መሐል ለምዷል።

ወይም አክብሮትን ውሰዱ። አማርኛ አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ፣ እርስዎ አለው። ሕፃኑን አንቱ፣ ሽማግሌውን አንተ የሚል ፍጡር አስቡ። የቀደሙት ትዝታ ሁሉ በአራስ ልጅ ውስጥ የሚቀመጥበት፣ እያረጀ ሲሄድ የሚጠፋበት ዓለም ይሁን። ጎልማሳው ንጉሥ አልጋ ውስጥ ላለች ሕፃን «ምን ይላሉ?» ሲላት ተመልካቹ ክው ይላል። የዚያ ዓለም ሥልጣን የማን እንደሆነ ያለ አንዲት ቃል ማብራሪያ ይገባዋል። ይህን የሚነግረው ደግሞ ፕሮዲዩሰሩ የተመካበት ከስር ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ነው። እንግሊዝኛው ይህን ማድረግ አይችልም፤ ለንጉሡም ለሕፃኑም አንድ ቃል ነው ያለው። እንዲህ ያለ ሀብት ላይ ተቀምጦ የሰው ቋንቋ ማጎርነን ስንፍና ነው። ብልጠት ብሎ መጥራቱ ደግሞ ነውር ነው።

«ለሌለ ፍጡር ምን ቋንቋ ያስፈልገዋል?» የሚሉም አሉ። የፊልም ኩባንያው ፓራማውንት ስታር ትሬክን መነሻ ያደረገ ፊልም በሠሩ አድናቂዎች ላይ ባቀረበው ክስ በ2016 ተመሳሳይ ነገር ተከራክሮ ነበር። ቋንቋ የሚጠቅመው ሰው ሲግባባበት ነው፣ የሚያነጋግሩት ክሊንጎን ደግሞ የለም አለ። ክርክሩ ያኔም አያስኬድም ነበር። የሼክስፒር ሐምሌት በክሊንጎን ተተርጉሟል። በ2010 ዘ ሄግ ውስጥ ሙሉ ኦፔራ ተዘፍኖበታል። በ2018 ዱኦሊንጎ የሚባለው የቋንቋ ማስተማሪያ መተግበሪያ ያስተምረው ጀመረ። በደንብ የተሠራ ነገር ተናጋሪውን ራሱ ያገኛል።

ፕሮዲዩሰሩ ስለ ኦክራንድ አንድ ነገር ቢያውቅልኝ ደስ ይለኛል። ሰውየው ከክሊንጎን በፊት ያጠናው ሙትሱንን ነው። የካሊፎርኒያ ነባር ሕዝብ ቋንቋ ነው። አቀላጥፈው ይናገሩት የነበሩት የመጨረሻዋ እናት በ1930 አረፉ። ኦክራንድ በተተዉት የመስክ ማስታወሻዎች ላይ ተመሥርቶ የቋንቋውን ሰዋስው ጻፈ፤ በ1977 በርክሌይ ዶክትሬቱን አገኘበት። ሆሊውድ ሲጠራው ሙትሱንን እንዳለ አንስቶ ለክሊንጎኖች ሊሰጥ ይችል ነበር። ያኔ «ማን ያውቃል?» ቢል ከማንም በላይ ያምርበት ነበር። አላደረገውም። ከዚህም ከዚያም የለመደውን ሥርዓት ይዞ አዲስ ቋንቋ ሠራ። ሙትሱን ለሙትሱኖች ቀረ። ዘሮቻቸው ቋንቋቸውን መልሰው ለማንሳት ሲነሱ የእሱ ጥናት አገልግሏቸዋል።

ብር የለም የሚለው ይገባኛል። የእኛ ፊልም ሠሪ በምን ዓይነት በጀት እንደሚሠራ አውቃለሁ። ግን አቫታርን የሚያህል ፊልም ሲወጣ ናቪ የነበሩት ቃላት 1000 ያህል ነበሩ። ጥቂት ትዕይንት ለሚናገሩ ኤሊየኖች ሁለት መቶ ቃልና አጭር ሰዋስው ይበቃል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልሳን ትምህርት ክፍል አለው። ከ80 በላይ ቋንቋ ባለበት ሀገር ድምፅና እርባታ ሲቆጥሩ የሚውሉ ተማሪዎች አሉ። አንዱን ይጥራ፣ የሚገባውን ይክፈለው፣ ስሙንም ፊልሙ ላይ ይጻፍለት።

የደቡብ ኦሞ ቋንቋ በፊልሙ እንዲሰማ ከፈለገም መንገድ አለው። ጂንካ ይሂድ። ሐመርኛ የሚናገር ተዋናይ ይቅጠር። ሐመርኛ የምትናገር ሐኪም፣ ሐመርኛ የሚናገር የመንኮራኩር አብራሪ ይጻፍ። ከኤሊየኖቹ ጋር የሚደራደሩት ሰዎች እነሱ ይሁኑ።