ከአስፓልት አምስት ደቂቃ

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አከራያችን በራችንን አንኳኩ። ዝናቡ ይወርዳል። እሳቸው ጃንጥላ ይዘው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ይግቡ ብንላቸው እምቢ አሉ። ግባ ሲሉት እምቢ የሚል አከራይ ይዞ የመጣው ወሬ ደህና አይደለም።

«ልጄ ከአሜሪካ ሊመጣ ነው። ቤቱን ለሱ እፈልገዋለሁ።»

አዲስ አበባ ውስጥ ተከራይቶ ይህን ልጅ የማያውቅ ሰው የለም። የሁሉም አከራይ ልጅ ነው። የሚኖረው አሜሪካ ነው። ሁልጊዜ ሊመጣ ነው። ከእኛ በፊት የነበሩትን ባልና ሚስት ያስወጣቸው እሱ ነው። ከነሱ በፊት የነበረችውን ነርስም እንደዚሁ። እኛ በኖርንበት ሦስት ዓመት ግን አንድ ቀን ብቅ ብሎ አያውቅም። ባለቤቴ «ቢያንስ መልኩን አይቼው በወጣሁ» አለች።

እስከ መስከረም 30 ጊዜ ሰጡን። በዚያ መሀል እንቁጣጣሽ አለ፣ መስቀል አለ፣ የልጃችን ትምህርት ቤት ምዝገባ አለ። በዚህ ላይ እኔ፣ ማን አስገድዶኝ እንደሆነ እንጃ፣ ለበጎ አድራጎት ሳይክል እነዳለሁ ብዬ መሥሪያ ቤት ስሜን አስመዝግቤያለሁ። እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

ደላላ ያዝን። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሁለት ስልክ ያለው ሰው ነው። ሁለቱም ስልኮች ባንዴ ይጠራሉ። ሁለቱንም «እየመጣሁ ነው» ብሎ ይዘጋቸዋል።

«ወንድሜ፣ አንድ ቤት አለ። አንተን አይተው የሠሩት ነው የሚመስለው።»

«ከአስፓልት ስንት ይርቃል?»

«አምስት ደቂቃ።»

ጎሮ ከታክሲ ወርደን ባጃጅ ያዝን። ባጃጁ የሆነ ቦታ ላይ «ከዚህ በኋላ አልሄድም» ብሎ አወረደን። በእግር ቀጠልን። ጭቃው ጫማዬን ሁለቴ ወሰደብኝ፣ ሁለቴ አስመለስኩ። አርባ ደቂቃ ሆነ።

«አምስት ደቂቃ አላልከኝም እንዴ?»

«ጭቃው ነው እኮ ያቆየን። በበጋ አምስት ደቂቃ ነው።»

ቤቱ ባለ አንድ መኝታ ነው። መኝታ ቤቱ በእርግጥ አንድ መኝታ ይይዛል፣ ሌላ ነገር ግን አይይዝም። አልጋው ከገባ በሩ አይዘጋም። ውሃ ሐሙስ ሌሊት ይመጣል። ሮቶ የለም። ደላላው ግን «አየሩን እየው፣ አየሩን!» እያለ እጁን ዘረጋልኝ። እውነቱን ነው፣ አየሩ ሰፊ ነበር።

ቤት ፍለጋ ቤት ማየት ብቻ ይመስላችኋል። መታየትም ነው። ሳሪስ አካባቢ አንዲት ሴትዮ ሶፋቸው ላይ አስቀምጠው እንዲህ መረመሩኝ።

«ልጅ አላችሁ?»

«አንድ። አራት ዓመቱ ነው።»

«ያለቅሳል?»

«ሲርበው።»

«ስንቴ ይርበዋል?»

ይህን ጥያቄ ሐኪም እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም። በቀን ሦስቴ ብል ሦስቴ ሊያለቅስባቸው ነው። አንዴ ብል ልጁን አስርቦ የሚያሳድግ አባት ልሆን ነው። እያሰብኩ ሳለ ሌላ ተከራይ መጣ። ላጤ ነው። እሱን ደግሞ «ለምን አላገባህም?» ብለው ያዙት። ሹልክ ብዬ ወጣሁ።

አያት አካባቢ ያየሁት ቤት ግን ቤት ነበር። ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ፀሐይ የሚገባበት። አከራዩ ጨዋ ሰው ናቸው። የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ጠየቁኝ። እኔም ደፋር ሆኜ ስልኬን አወጣሁ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320/2016። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም ይላል። ውሉ ደግሞ ከሁለት ዓመት አያንስም። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በጽሞና ሰሙኝ።

«ጥሩ ሕግ ነው» አሉ። «ስንት ክፍል አለው?»

«ምኑ?»

«ሕጉ። ክፍል ካለው እዚያው ግቡበት።»

ጳጉሜ 5 ዶሮ ልገዛ ወጣሁ። የዶሮ ገበያን ውጣ ውረድ ለሌላ ቀን ላቆየው። ብቻ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ፣ እግሩ የታሰረ፣ ቁጣው ያልታሰረ፣ በእጄ ይዤ ታክሲ ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ። ደላላው ነው። «ገርጂ አንድ ቤት ወጥቷል። አሁኑኑ ካልመጣህ ሌላ ሰው ይይዘዋል።» ዶሮውን ቤት አድርሼ ልምጣ ብለው «እሱን ስታደርስ ቤቱም ደርሷል» አለኝ። ዶሮዬን ይዤ ሄድኩ።

በሩን የከፈቱት ጎልማሳ እኔን ከማየታቸው በፊት ዶሮውን አዩት። ዶሮውም አያቸው።

«እንስሳ አናስገባም» አሉ።

«አይ ጋሼ፣ ይሄ እኮ ነገ ወጥ ነው።»

«ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሉት። በፊት የነበረው ተከራይም ለፋሲካ ነው ብሎ በግ አስገባ፣ እስከ ገና ቆየ።»

ደላላው ሊያስታርቀን ገባ። ስለ እኔ ጨዋነት ብዙ ተናገረ። በዚህ መሀል ዶሮው ቤቱን የወደደው መሰለኝ፣ ሳሎኑ መሀል ላይ ከነሙሉ ድምፁ ጮኸ። ከጎረቤት አንድ ሕፃን ነቅቶ አለቀሰ። ነገሩ በዚያው አበቃ። ስንመለስ ደላላው ዝም ብሎ ዶሮውን ሲያየው ቆየና «ስንት ገዛኸው?» አለኝ። ነገርኩት። «ተበልተሃል» አለኝ። ዶሮው ከመበላቱ በፊት እኔ ተበላሁ።

እንቁጣጣሽ ዕለት ዘመድ ጥየቃ ወጣን። የበዓል ቀን ዘመዶች ቤት ለሚፈልግ ሰው ያላቸው እርዳታ አንድ ዓይነት ነው። ቤት እየፈለግን ነው ስትሏቸው ጭናቸውን ይመታሉ። «ወይኔ! ምነው ትናንት በነገርከኝ! አንድ ግሩም ቤት ነበር፣ ትናንት ተያዘ።» አምስት ዘመድ ጋ ሄድኩ። አምስት ግሩም ቤት ትናንት ተይዟል። ያን ቀን የተከራዩት እነማን እንደሆኑ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

አክስቴ ጋ ለስድስተኛ ጊዜ ዶሮ ወጥ በላሁ። ልነሳ ስል «አምስት ደቂቃ እንኳ አረፍ አትልም?» አሉኝ። አምስት ደቂቃ የምትለዋን ነገር የጀመሩት ደላሎች ሳይሆኑ አክስቶች መሆናቸው ያኔ ገባኝ። አቦል መጣ። ቶና መጣ። በረካ ሳይጠጣ መውጣት ደግሞ ነውር ነው። እዚያ ላይ ስለ ሳይክሉ አነሳሁላቸው። ለችግረኛ ተማሪዎች ደብተርና ዩኒፎርም መግዣ ነው። እያንዳንዳችን ወጪያችንን ችለን እንነዳለን፣ ዘመድ ወዳጅ ደግሞ በኪሎሜትር ይህን ያህል ብሎ ቃል ይገባል።

አክስቴ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። በተለይ ሆዴ ላይ ቆዩ።

«በኪሎሜትር መቶ ብር ጻፍ» አሉ።

እንዲህ ያለ ቸርነት ጠብቄ አልነበረም። ተነስቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

የመስቀል ዋዜማ ሰፈራችን ደመራ አበራ። እንደምታውቁት ደመራው ሲወድቅ አቅጣጫው ይታያል። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ዓመቱ የጥጋብ ነው፣ አይደለም ይባባላሉ። ባለቤቴ ግን ለአገር የሚሆን ጭንቀት አልቀረላትም። ምሰሶው ገና ሲንገዳገድ ክንዴን ያዘች። «ወዴት ነው? ወዴት ነው የሚወድቀው?» ወደ እንጦጦ ወደቀ። «በቃ ወደ ሰሜን ፈልግ» አለችኝ። ደላላው የሚያሳየን ቤት ሁሉ በደቡብና በምሥራቅ ነበር። ከደመራው ደላላው ይሻላል እንዳልላት ደመራው ኮሚሽን አይጠይቅም፣ ስለዚህ አልተከራከርኳትም።

የመስከረም የመጨረሻ እሁድ ደረሰ። ዕቃችን በካርቶን ታስሯል፣ ቤት ግን የለንም። ጠዋት መስቀል አደባባይ ተሰበሰብን። መንገዱ ለመኪና ተዘግቷል። «መንገድ ለሰው» ከ2011 ጀምሮ ያስለመደን ነገር ነው። ሕፃናት ስኬት ይነዳሉ፣ ጎረምሶች ኳስ ይጫወታሉ፣ ኤሮቢክስ የሚያሠራው ልጅ በማይክ ይጮሃል። እኛ ሠላሳ የምንሆን የቢሮ ሰዎች ቢጫ ካናቴራ ለብሰን ሳይክል እንከራያለን። ቤት መከራየት ያልቻለ ሰው ሳይክል ሲከራይ እንዴት ደስ እንደሚል አትጠይቁኝ። የሳይክሉ አከራይ ልጅ አለህ ወይ አላለኝም። መታወቂያዬን ብቻ ወሰደ።

አስተባባሪያችን ንግግር አደረገ። «እኛ የገረመው ደንቦባ አገር ልጆች ነን!» አለ። ገረመው በ1949 ሜልቦርን ኦሎምፒክ የተወዳደረ ብስክሌተኛ ነው። ልክ ነው፣ ያኮራል። ብቻ የገረመው ሳይክል ፍሬን የነበረው ይመስለኛል።

«ዳገት አለው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ትንሽ። አምስት ደቂቃ ብትገፋ ያልቃል።»

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ይህን ቁጥር ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ አውቀዋለሁ። ትርጉሙን የተረዳሁት ግን እስጢፋኖስን አልፌ ወደ ቤተ መንግሥቱ ስወጣ ነው። ማርሹ አንድ ቦታ ላይ ተነክሷል። ኮርቻው ዝቅ ብሎ ጉልበቴ አገጬን ሊመታ ምንም አልቀረውም። አንዲት ሴት ልጅ በእግሯ አለፈችኝ። ዘምቢል ይዛለች።

4 ኪሎ ስደርስ 5 ኪሎ አለ። 5 ኪሎ ስደርስ 6 ኪሎ አለ። የዚህ ከተማ ሰው ኪሎ የቆጠረው በሚዛን ሳይሆን በሳንባ መሆን አለበት፣ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር መንገዱም ሽቅብ ነው። 6 ኪሎ ላይ፣ አንበሳ ግቢ አጠገብ፣ ስልኬ ጮኸ። አክስቴ ናቸው።

«የት ደረስክ?»

«6 ኪሎ።»

ዝም አሉ። «ውይ» አሉ ቀጥለው። «ከእስጢፋኖስ አታልፍም ብዬ እኮ ነው መቶ ብር ያልኩት።»

ከዚያ በኋላ የነዳሁት ለተማሪዎቹ ነው ብል ውሸት ነው። ለአክስቴ ነው። በእልህ እስከ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። የሐበሻ ቀሚስ የለበሱት አሻንጉሊቶች በየሱቁ ደጅ ቆመው ያዩኛል። እነሱ አላላባቸውም። ልክ እዚያ፣ ካቴናው ወለቀ። እግሬ በባዶ ዞረ፣ ሳይክሉ ወደ ኋላ ሄደ፣ እኔም አብሬው ሄድኩ። ወደ አንድ ቅያስ ገብቼ አንድ የቆርቆሮ በር አጠገብ ድንጋይ ላይ ተዘረፈጥኩ። እጄ እስከ ክርኔ ግራሶ ሆኗል።

በሩ ተከፈተ። ነጠላ ያጣፉ እናት ናቸው። አዩኝ፣ ተመለሱ፣ በጣሳ ውሃ ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ስንት ይከፍሉሃል?»

«አይከፍሉኝም እማማ። እኔ ነኝ የከፈልኩት።»

«ከፍለህ ነው እንዲህ የምትሆነው?»

ለተማሪዎች መሆኑን አስረዳኋቸው። ከንፈራቸውን መጠጡ፣ ለማን እንደመጠጡልኝ ግን አልገባኝም። ጣሳውን ስመልስላቸው በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አየሁት። በእጅ ጽሑፍ ነው። «የሚከራይ ሁለት ክፍል አለ። ደላላ አይምጣ።»

ሁለት ክፍል፣ ትንሽ በረንዳ፣ ግቢው ውስጥ አንድ የኮክ ዛፍ። ውሃ በሳምንት ሦስቴ። ሮቶ አለ። በወር 12 ሺህ፣ የሁለት ወር ቅድሚያ። ሕጉን ማንበብ አላስፈለገኝም። አንድ ነገር ግን ሳልጠይቅ መውጣት አልቻልኩም።

«እማማ፣ ልጅ አለዎት?»

«አለኝ።»

ልቤ ቀጥ አለች። «የት ነው?»

«ደሴ። አስተማሪ ነው። ለጥምቀት ይመጣል፣ ሳሎን ይተኛል፣ በሦስተኛው ቀን ይሄዳል።»

ግራሶ በሆነ እጄ ጨበጥኳቸው። ነጠላቸው ላይ ያረፈው ምልክት እስከዛሬ አልለቀቀም፣ እሳቸውም አላነሱብኝም።

በሳምንቱ አጋማሽ ዕቃችንን በአይሱዙ ጭነን ገባን። አክስቴ ብሩን በፖስታ አሽገው ላኩ፣ ፖስታው ላይ ምንም አልጻፉም። ቅዳሜ ጠዋት ደላላው ደወለ።

«ወንድሜ፣ ሽሮ ሜዳ ገባህ አሉ። ኮሚሽኔስ?»

«አንተ እኮ አላሳየኸኝም።»

«ታዲያ ማን አሳየህ?»

«ካቴና።»

ትንሽ አሰበ። «ካቴና ማነው? የየት ሰፈር ደላላ ነው?»

«ና ቡና ጠጣና እነግርሃለሁ። የት ነህ?»

«ቅርብ ነኝ። አምስት ደቂቃ።»

ባለቤቴ ቡናውን መቁላት ጀመረች። አቦሉን ጠጣን። ቶናውን ጠጣን። በረካው ቀጥኖ ሲኒው ሊታጠብ ሲል ደወልኩለት።

«ጭቃው እኮ ነው ያቆየኝ» አለ።

ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። አንድ ደመና አልነበረም።