ልጁን የሚጎዳው ኑሮ ነው ወይስ ሰው?

የመከራከሪያ ሐሳብ፦ «በድሬዳዋ በሕፃናት ላይ የሚደርሰው ጥቃትና ቸልተኝነት እንዲቀንስ በጀቱ ቅድሚያ ለቤተሰብ ኑሮ ይሰጥ።» ደጋፊው የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ፣ ተቃዋሚዋ የሕግ ባለሙያ ናቸው።

ደጋፊ፦ የገንደ ቆሬዋ እናት ጎህ ሲቀድ ወጥታ መጋላ ሰፈር ትቸረችራለች። የሦስት ዓመት ልጇን የሚይዝላት ስለሌለ ቆልፋበት ትሄዳለች። በድሬ ሙቀት፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከሰሉ ገና ያልጠፋበት አንድ ክፍል። ቸልተኛ ናት ብሎ መዝገብ መክፈት ቀላል ነው። የጎደለው ግን የሕፃናት ማቆያ ነው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር፤ ቸርቻሪዋ የማን ሠራተኛ ናት? ድሆች የጋራ ሥራ እየሠሩ የሚከፈሉበት የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 በ11 ከተሞች ሲጀመር ድሬዳዋም ሐረርም ነበሩበት። መንገድ ከሚጠርገው ቡድን ሁለት ሴቶች ቀርተው የሌሎቹን ልጆች ቢይዙ፣ እሱም ሥራ ተብሎ ቢከፈላቸው፣ ስንት ቁልፍ ይከፈታል! አሜሪካ ውስጥ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ በ1 ዶላር ሲጨምር የቸልተኝነት ጥቆማ በ9.6 በመቶ መቀነሱን ተመራማሪዎች አግኝተዋል። ድሃ እናት ልጇን አትበድልም፤ የሚበድለው ኑሮ ነው።

ተቃዋሚ፦ ወንድሜ፣ የቀነሰው ጥቆማ ነው ብለሃል። እዚያ መምህርና ሐኪም እንዲጠቁሙ ሁሉም ግዛቶች በሕግ ያስገድዳሉ፤ ስለዚህ የሚቀንስ ቁጥር አላቸው። እኛስ ምኑን እንቀንስ? የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 443 ዝም ያለን ሰው የሚቀጣው ወንጀሉ ሞት ወይም ዕድሜ ልክ የሚያስፈርድ ሲሆን ነው። በአንቀጽ 576 ልጅን ማንገላታትና መደብደብ፣ ከባድ ጉዳት እስካላደረሰ ድረስ፣ ከሦስት ወር የማይበልጥ ቀላል እስራት ነው። ንዑስ አንቀጽ 3 ደግሞ ወላጅ ለአስተዳደግ ሲል የሚወስደውን ከሕግ ያልወጣ እርምጃ ከቅጣት ያወጣዋል። ልኩ የት ድረስ እንደሆነ እዚያ ቦታ አልተጻፈም።

«ድሃ እናት አትበድልም» ላልከው፣ ከዚራ ሰፈር በአንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ልብስ የምታጥበውን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ማን በደላት? የአሠሪዋ ኑሮ?

ደጋፊ፦ አቦ፣ አንድ ቃል መዘሽ ጥቆማ፣ ጥቆማ! ይሁን። መምህሯ ጠቆመች እንበል። ቀበሌው ደብዳቤ ጻፈ፣ ፖሊስ ቃል ተቀበለ፣ ሆስፒታሉ ማስረጃ ሰጠ፣ መሸ። ልጁ የት ይደር? ማረፊያ ካልተዘጋጀለት ወደዚያው ቤት ይመለሳል፤ ያን ሌሊት የሚጠብቀው ዱላ ደግሞ «አዋረድከኝ» የሚባልበት ነው። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ ለማንም አይናገርም።

ተቃዋሚ፦ የከዚራዋን ልጅ ዘለልካት።

ጥቆማ ሲባል ለአንተ ሰው ማሳሰር ብቻ ነው። ጥቆማ የሚጀምረው ግን ከጤና ጣቢያ ካርድ ነው። ሙቅ ውኃ በድንገት የተደፋበት ልጅ ቁስሉ የተረጨ፣ ጠርዙም የተዘበራረቀ ነው። ተይዞ የተነከረ እግር ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱም እኩል፣ ጠርዙ እንደ ካልሲ አፍ ቀጥ ያለ ይሆናል። ሲሮጥ የወደቀ ልጅ ቅልጥሙና ግንባሩ ይበልዛል። ጆሮው፣ ጀርባው ወይም መቀመጫው ከበለዘ ልጁን ለብቻው፣ እናቱንም ለብቻዋ መጠየቅ ያስፈልጋል። ካርዱ ላይ «ቃጠሎ» ብቻ ከተጻፈ ቁስሉ ሲሽር ማስረጃውም አብሮ ይሽራል። ቦታውን፣ ስፋቱን፣ የጠርዙን መልክ፣ አመጣጡ እንዴት እንደተነገረ መጻፍ ስንት ብር ያስወጣል?

ደጋፊ፦ ብሩን ተይውና ጊዜውን ቁጠሪ። በር ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰልፍ ያለበት ጤና መኮንን የቁስል ጠርዝ እያየ አይጽፍም። ጩኸቱን ቀድሞ የሚሰማው ጎረቤት ነው። እድር ቤት ለቤት ያውቃል፤ ለቀብር ብቻ ለምን ይቀመጣል? በየቀበሌው ልጅ ለጊዜው ተቀብሎ የሚያሳድር ሁለት አደራ ቤተሰብ አስቀድሞ ተመርጦ ቢመዘገብ፣ የአዳር ቀለባቸው ቢመደብ፣ የመሸበት ልጅ ማደሪያ አለው።

ተቃዋሚ፦ እድር! የእድሩ ዳኛ የደብዳቢው ጎረቤት ነው፤ ነገ ሐዘን ሲደርስበት ድንኳኑን የሚተክልለት እሱ ነው። ሽማግሌ ይገባል፣ ቡና ይፈላል፣ «ልጅ ሳይመቱት አያድግም» ይባላል፣ በእርቅ ይዘጋል። ልጁን ግን ማንም አልጠየቀውም። ደግሞ ከማቆያ ተነስተህ አደራ ቤተሰብ ደርሰሃል። አደራ ቤተሰብ የሚፈለገው እኮ አንድ ሰው ከጠቆመ በኋላ ነው።

ደጋፊ፦ አደራ ቤተሰብም ቀለብ ይበላል፤ ቀለቡ በጀት ነው። ዞረሽ እኔው ጋ መጣሽ።

ተቃዋሚ፦ ለቀለቡ በጀት ይመደብ፤ መቼ ተቃወምኩ? የተቃወምኩት «ቅድሚያ» የምትለውን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ይከለክላል፤ የቤት ሠራተኛን ግን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ያወጣለታል ብሎ ከአዋጁ ውጭ አስቀርቶታል። አሠሪዋ ደሞዙ ቢጨመርለት የከዚራዋ ልጅ ምን ታገኛለች? ሦስተኛ ጊዜ መጠየቄ ነው።