ቁጭ ብለው ለሚያወርዱልን ልጆች

ቤት ልንቀይር ስንነሳ ባለቤቴ እንደ ጦር አዛዥ ነው የተዘጋጀችው። ከየሱቁ የፓስታ ካርቶን ለመነች። ብርጭቆውን አንድ በአንድ በአሮጌ ጋዜጣ ጠቀለለች። ሞሰቡን በአንሶላ ቋጠረች። የልብሱን ማዳበሪያ ሰፍታ «የልጆች» ብላ ጻፈችበት። እኔም የበኩሌን ተወጣሁ። ቁም ሳጥኑን ፈትቼ ብሎኖቹን በፌስታል አሰርኩና የት እንዳስቀመጥኳቸው ረሳሁ። እስካሁን አልተገኙም።

ይህ ሁሉ ዝግጅት ከንቱ እንደነበር የገባን የአዲሱ ሰፈር ጫኝና አውራጆች ሲቀበሉን ነው።

የሄድንበት ከከተማው ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ነው። የሳይቱን ስም አልጠራም። ብጠራው የካ አባዶ ያለው «ከኛዎቹ አይብሱም» ይለኛል፣ የቦሌ አራብሳው ይከራከራል፣ የኮዬ ፈጬና የቱሉ ዲምቱ ሰው ደግሞ ተረሳሁ ብሎ ይቀየመኛል።

እዚህ ሳይት ውስጥ ብሎክ ፈልጎ ማግኘት የዋዛ አይደለም። ሕንጻው ሁሉ መንታ ነው። ቤቱን ለማየት የመጣሁ ቀን የታክሲው ሹፌር 3 ጊዜ ዞሮ ዞሮ ሲደክመው «ከዚህ በእግርህ ሞክር» ብሎ አወረደኝ። ውሃ እንኳ መንገዱ እየጠፋው በሳምንት አንዴ ነው የሚደርሰን። ልጆቹ ግን አይሱዙው ሳይቆም በሩ ላይ ነበሩ። እኔ ገና አንገቴን በመስኮት አውጥቼ የብሎክ ቁጥር አነባለሁ። «ጋሼ፣ በዚህ ነው» አሉኝ። እንዲህ ያለ አገልግሎት ከየት ይገኛል?

ደግሞ የዓይናቸው ነገር! ሸራው አልተገለጠም። አንደኛው መኪናውን አንዴ ዞረውና «ፍሪጅ ባለ 2 በር፣ ብፌ፣ ሶፋ፣ ቴሌቪዥን 43 ኢንች» አለ። ቴሌቪዥኑን እኮ በ2 ፍራሽ መሀል ነው የደበቅኩት። ኢንቹን እኔ ራሴ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ከዚያ የፎቅ ሂሳብ መጣ። ቤታችን 4ኛ ፎቅ ነው። እነሱ ዘንድ ግን ምድር ቤቱም ይቆጠራል፤ ስለዚህ 5ኛ ሆነ። ሊፍት የለም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኮንዶሚኒየም ሲገነባ አብዛኛው ሕንጻ ከምድር በላይ 4 ፎቅ ሆኖ ያለ ሊፍት የተሠራው ወጪ ለመቀነስ ነው ይባላል። የተቀነሰው ወጪ የት እንደሄደ እኔ አሁን አውቃለሁ። ልጆቹ ጋ ተቀምጧል።

«15,000 ብር» አሉ። መኪናው እንኳ ከድሮ ሰፈራችን ድረስ ሲያመጣን 5,000 ነው የጠየቀን። ሹፌሩን አየሁት። ወዲያው ስልኩ ላይ አፈጠጠ።

«እንግዲያው እኔና የባለቤቴ ወንድሞች እናወርደዋለን» አልኩ፣ ፈርጠም ብዬ። ጠብ ጠብቄ ነበር። አለቃቸው ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ በትሕትና፣ «ጋሼ፣ መብትዎ ነው» አለኝ። «የራስዎ ዕቃ አይደለም እንዴ? ማን ይከለክልዎታል? ያውርዱ። ሂሳቡን ብቻ ይክፈሉን።»

ስለ መብት እንዲህ ጥርት አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አላውቅም።

ድሮ ሰፈር የጫኑልንን ልጆች አብረውን መጥተው እንዲያወርዱ ለምኛቸው ነበር። ሳቁብኝ። «ያ የሌላ ሰው ክልል ነው» አሉ። ድንበር ማክበር የሚፈልግ ካለ እነሱ ጋ ይማር።

9,000 ላይ ተስማማን። በነዚያ ብሮች ልጆቹ የሠሩልንን ልናገር። መጀመሪያ የወረደው ሶፋው ነው፤ 4ቱ ተቀመጡበት። 3 ሰዓት ሙሉ፣ በዚያ ፀሐይ፣ እኛ ስንወጣና ስንወርድ ሳይሰለቹ ተመለከቱን። «ቀስ! ግድግዳውን እንዳትነካው!» ይላሉ። «ጎንበስ በል ብሮ፣ ወገብህን ታጣዋለህ!» ይላሉ። ለጤናችን የተጨነቀ ሌላ ሰው አልነበረም። ሶፋው የመጨረሻ የወጣውም በነሱ ምክንያት ነው፤ ከሥራ ገበታቸው ማንሳት ነውር መሰለን።

እዚህ ጋ ነገር እንዳይበላሽ። ፍሪጅ በጀርባው አዝሎ 4ኛ ፎቅ የሚወጣ ሰው ላቡ ይከፈለው፣ ከዚያም በላይ ይከፈለው። ሥራ አጥቶ ሰፈር ለሰፈር የሚዞር ወጣት ስንት እንደሆነም አላጣሁትም። እኔ የማወድሰው ቁጭ ያሉትን ነው።

አማቴ ግን ውዳሴው አልገባቸውም። «ልጆቼ፣ እናንተም እናት አላችሁ» ብለው ጀመሩ። አለቃው ከሶፋው ብድግ አለ። «እማማ፣ እርስዎ ይቀመጡ። ሂሳቡ እርስዎን አይመለከትም።» አማቴም ተቀመጡና ይመርቁት ገቡ። ደረሰኝ ስጠይቀው ደግሞ «ቃላችን ነው ደረሰኙ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ጠዋት የተናገረውን ማታም አልካደም።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ አከራይ ከ2 ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠይቅ ይከለክላል። እኔም የዋሁ ይህን አንብቤ በልኩ ነበር የቆጠብኩት። አከራዬም ሕግ አክባሪ ናቸው፣ የ2 ወር ብቻ ተቀበሉ። ልጆቹ ዘንድ አዋጁ አልደረሰም። ውሉ ቢያንስ 2 ዓመት መሆኑ ግን ደስ ብሎኛል። 2 ዓመት ሙሉ ስንወጣ የሚጭኑበትን አጠራቅማለሁ።

ጎረቤቴ ከኔ የተሻለ እቅድ አውጥቶ ነበር። ዕቃውን በ1 ቀን አላመጣም። 3 ሳምንት ሙሉ፣ ከሥራ ሲወጣ፣ በአውቶቡስ፣ በፌስታል። ዛሬ ድስት፣ ነገ ረከቦት። ላየው ሰው ለልጆቹ ሙዝ ይዞ የሚገባ አባት ነው። ፍራሹን ሌሊት በባጃጅ አስገባ። የቀረው ሶፋው ብቻ ነው።

ባለፈው እሁድ ዳቦ ሊገዛ ሲወርድ አንዱ ልጅ ከደረጃው ሥር ብድግ ብሎ ሰላም አለው።

«ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ። ድስቶቹን፣ ረከቦቱን፣ የሌሊቱን ፍራሽ መዝግበናል። አይጨነቁ፣ ሶፋው ሲመጣ አንድ ላይ እናወራርደዋለን።»