ለመምህሩ ጊዜ ስጡት

በአገራችን የትምህርት ለውጥ ሲመጣ መምህሩ የሚሰማው ከወላጆች እኩል ነው፤ አንዳንዴም ዘግይቶ። ለውጡ በዜና ይታወጃል፣ የመጽሐፉ ሶፍት ኮፒ በቴሌግራም ይዞራል፣ ከዚያ ክረምቱ ሊወጣ ሲል በወረዳው አዳራሽ ኦረንቴሽን ይሰጣል። መስከረም ላይ ክፍል መግባት ነው።

ለውጥ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም በሚለው አልከራከርም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ያየ ሰው ባለበት እንቀጥል አይልም። የኔ ጥያቄ ለውጡን ተሸክሞ ክፍል የሚገባው ሰው እንዴት ተዘጋጀ የሚለው ነው።

አጠቃላይ ሳይንስን እንውሰድ። በቀድሞው ሥርዓተ ትምህርት 7ኛና 8ኛ ክፍል ላይ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ለየብቻ ይሰጡ ነበር። በአዲሱ ሦስቱም በአንድ መጽሐፍ ተጠቃለሉ። ሐሳቡ አይከፋም፤ በዚያ ዕድሜ ላለ ልጅ ሳይንስን አያይዞ ማስተማር ይሻላል ቢባል እስማማለሁ። መምህሩስ? ከመምህራን ኮሌጅ በሊኒየር (በአንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ በሚሰጥ ሥልጠና) በፊዚክስ የተመረቀ፣ ለዓመታት ስለ ጉልበትና እንቅስቃሴ ሲያስተምር የኖረ ሰው በአንድ ክረምት የሕዋስ አስተማሪ ሁን ተባለ። አንዱ ልጅ ተነሥቶ «ቲቸር፣ ቫይረስ ሕይወት አለው?» ቢለው መልሱን ማታ ፈልጎ መምጣት አለበት። ያ ማታ ደግሞ የሚገኘው ቀኑን ሙሉ አስተምሮ፣ ደብተር አርሞ፣ የደመወዙን ጉድለት ለመሙላት ሰው ቤት ሄዶ ልጅ አስጠንቶ ሲመለስ ነው።

መምህራኑ ራሳቸው መላ የፈጠሩባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። መጽሐፉን በምዕራፍ ይከፋፈሉታል፤ የባዮሎጂው ሕዋስን፣ የኬሚስትሪው ውህድን፣ የፊዚክሱ ጉልበትን ይወስዳል። ብልሃቱ የሚደነቅ ነው፤ ግን የተዋሐደውን ትምህርት መልሶ መበተን ነው። ማርኩን ማን ይሙላ፣ ሮስተሩ ላይ ማን ይፈርም የሚለው ጣጣ ደግሞ ለምክትል ርዕሰ መምህሩ ይቀራል።

ሥልጠና አልተሰጠም ማለቴ አይደለም። ይሰጣል፤ መንገዱን ካስኬድ ይሉታል። ከሚኒስቴሩ ወደ ክልል ቢሮ፣ ከዚያ ወደ ዞን፣ ወደ ወረዳ፣ አጎራባች ትምህርት ቤቶች ወደሚሰባሰቡበት ጉድኝት ማዕከል ይወርዳል። ላይ ሳምንት የፈጀው ታች ሲደርስ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ውሃ እንደሚጨመርበት ወጥ ቀጥኖ ግማሽ ቀን ይሆናል። አሠልጣኙ ራሱ የሠለጠነው በቅርብ ስለሆነ ጥያቄ ሲበዛበት «ለሚመለከተው አካል እናደርሳለን» ብሎ ያልፋል። አቴንዳንስ ይፈረማል፣ አበል ይከፈላል፣ ሪፖርቱ ላይ «ሠለጠኑ» ይባላል። በ2016 ዓ.ም. ክረምት መምህራንን በየዩኒቨርሲቲው ሰብስቦ በሚያስተምሩት የትምህርት ዓይነት ማሠልጠን መጀመሩ ከዚህ በብዙ ይሻላል። ቢያንስ ፊት ለፊት የቆመው ሰው ትምህርቱን ያውቀዋል።

ከአመራሩ ደጋግሞ የሚሰማ ወቀሳ አለ፤ «መምህራን ለውጥ አይቀበሉም» የሚል። ያሳለፉትን ስላልረሱ ይመስለኛል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ትምህርቱን በቴሌቪዥን የሚያስተላልፈው ፕላዝማ ሲገባ የሁለተኛ ደረጃ መምህሩ ሳይጠየቅ ሥራውን ቴሌቪዥን ወሰደበት። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሮጣል፤ ለመምህሩ የተረፈው ሲጀመርና ሲያበቃ ያለው ጥቂት ደቂቃ ነበር። መብራት ሲጠፋ ግን ያልተዘጋጀበትን ትምህርት መቀጠል የሱ ዕዳ ነው። ቆየት ብሎ ደግሞ አንድ መሪ ለአምስት ሰው የሚመደብበት 1ለ5 አደረጃጀት መጣ፤ የትምህርት ልማት ሠራዊት ተባለ፣ ቃለ ጉባኤ ጻፍ፣ ፎርም ሙላ፣ ራስህን ገምግም። ሁለቱም ከበሮ እየተመታላቸው ገቡ፤ ሲቀሩ ለምን እንደቀሩ መምህሩን ቁጭ አድርጎ ያስረዳ የለም። ይህን ያየ ሰው በአዲሱ ስብሰባ ኋላ ወንበር ላይ እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥ አይፈረድበትም።

ገንዘብ የለም ይባላል፤ እውነት ነው። ጊዜው ግን ተመድቧል። በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለሙያው እንዲያውል ይጠበቃል። በተግባር ይህ ሰዓት የሚያልቀው ለሱፐርቫይዘር የሚታይ ፖርትፎሊዮ በማሳመር ነው። የጓደኛው ዕቅድ ተገልብጦ፣ ስምና ቀን ብቻ ተቀይሮ ሲቀርብለት ያላየ ሱፐርቫይዘር ካለ ይንገረኝ። ፋይሉ ይቅርና ሰዓቱ ለአዲሱ መጽሐፍ ይዋል። በሳምንት ሁለት የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለሳይንስ መምህራን በፕሮግራሙ ላይ ይያዝ፤ የባዮሎጂው ለፊዚክሱ፣ የፊዚክሱ ለባዮሎጂው የመጪውን ሳምንት ትምህርት ያስተምረው። ዓመቱን ሙሉ ከተሠራበት ከ60ው ሰዓት ብዙም አይርቅም። ፈረቃ ባለበት ትምህርት ቤት ይቀላል የሚል ይኖራል፤ የጠዋቱ መምህር ከሰዓት ነፃ ነውና። ነፃ አይደለም፤ እንጀራውን የሚደጉምበት ሰዓት ነው። እዚያ ላይ ወይ የክፍለ ጊዜ ብዛት መቀነስ ወይ የትርፍ ሰዓት መክፈል ግድ ይላል።

ርዕሰ መምህሩንም አንርሳ። ስለ አዲሱ አሠራር ሠልጥኖ፣ መምህራኑን አሳምኖ፣ ፕሮግራሙን አስተካክሎ ሥራው መልክ ሊይዝ ሲል በዓመቱ አጋማሽ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የዝውውር ደብዳቤ ይደርሰዋል። ተተኪው ሁሉን ከሀ ይጀምራል፤ መምህራኑም «ይኼም ያልፋል» ብለው ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። አዲስ ነገር የተጀመረበት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ ጥፋት ካልተገኘበት በቀር፣ ለሁለት ዓመት አይነካ። ይህን ለመወሰን ወረዳው በጀት እስኪፈቀድለት መጠበቅ የለበትም።