ለክቡር ዝንብ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋናና አቤቱታን ይመለከታል

ክቡር ዝንብ፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። መጨባበጡ ግን ይቅርብን። እጅዎን እርስ በርስ ሲያሻሹ ባየሁ ቁጥር ከየት እንደመጡ ትዝ ይለኛል።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሳሳኝ የሥራ ትጋትዎ ነው። በአገራችን የሰውን፣ የእንስሳትንና የአካባቢን ጤና አቀናጅቶ የሚሠራ ማን አለ ተብዬ ብጠየቅ፣ ሳላቅማማ የምጠራው የእርስዎን ስም ነው። ጠዋት በረት ውስጥ ነዎት። ረፋዱ ላይ ቆሻሻ ገንዳው ጋ ይደርሳሉ። ምሳ ሰዓት ሥጋ ቤት ይገባሉ። ከሰዓት ሕፃን ፊት ላይ ያርፋሉ። ለዚህ ሁሉ የመግባቢያ ሰነድ አልተፈራረሙም። የነዳጅ ኩፖን አልጠየቁም። "ይህ እኛን አይመለከትም" ብለው የመለሱት ባለጉዳይም የለም።

እኛም ብንሆን እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። ተሰብስበናል። እ.ኤ.አ. በ2015 ባለሙያዎች ተቀምጠው፣ ከእንስሳት ወደ ሰው ከሚተላለፉ በሽታዎች 5ቱ ቅድሚያ ይሰጣቸው ብለው መረጡ፦ የእብድ ውሻ በሽታ፣ አባ ሰንጋ፣ ብሩሴሎሲስ፣ ሌፕቶስፒሮሲስና ኤኪኖኮኮሲስ። የሰውን፣ የእንስሳትንና የአካባቢን ጤና አቀናጅቶ መሥራትን "አንድ ጤና" ይሉታል፤ በዓመቱ ብሔራዊ የአንድ ጤና አስተባባሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ጤናው፣ ግብርናው፣ አካባቢ ጥበቃውና ዱር እንስሳቱ አንድ ጠረጴዛ ከበቡ።

ሐሳቡ፣ ሽሙጡን ትተን፣ ትክክል ነው። አባ ሰንጋን ይውሰዱ። በሬ ድንገት ይሞታል። ባለቤቱ "እንዲሁ ከሚጣል" ብሎ ቆዳውን ይገፋል፤ ሥጋውን ለጎረቤት ያካፍላል። እጁ ላይ ቁስል ይዞ የመጣውን ሰው የሚያየው ጤና ጣቢያ ነው። የበሬውን ነገር የሚያውቀው የእንስሳት ሐኪሙ ነው። ደሙ የፈሰሰበትን መሬትስ ማን ያየዋል? ጀርሙ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ ሌላ በሬ እስኪግጥ ይጠብቃል። ጤና ጣቢያው ለእንስሳት ሐኪሙ ካልደወለ፣ ሁለቱም የበሽታውን ጅራት ይዘው ነው የሚጎትቱት። እርስዎ ግን በድኑ ላይ ጠግበው ቅጠሉ ላይ ይተፋሉ። ለማን ብለው ይደውላሉ!

ችግሩ ከጠረጴዛው ከተነሳን በኋላ ነው። ልብ ብለው ከሆነ፣ እርስዎ ስም ቀይረው አያውቁም። አካባቢን የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2013 የአካባቢና ደን ሚኒስቴር ሆነ። ቀጥሎ የአየር ንብረት ለውጥ የሚል ተጨመረበት። በ2018 ኮሚሽን ሆነ። በ2021 ወደ ቀድሞ ባለሥልጣንነቱ ተመለሰ። እንስሳትም በ2015 የራሳቸው ሚኒስቴር ወጥቶላቸው ነበር፤ በ2018 ተመልሰው ግብርና ውስጥ ገቡ። ታፔላ ተቀየረ፣ ማኅተም ተቀየረ፣ ተወካይ ተቀየረ። አዲሱ ተወካይ "ለመሆኑ ይሄ ኮሚቴ ምንድን ነው?" ብሎ እስኪጠይቅ እርስዎ የልጅ ልጅ አይተዋል። ሙቀት ካገኙ ከእንቁላል እስከ መብረር 10 ቀን ገደማ ይበቃዎታል። አንዴ ሲጥሉም 100 ያህል ነው። የኛ ቃለ ጉባኤ በ10 ቀን ሲፀድቅ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ወደ ሰፈራችን ልምጣ። ከኋላችን ላም የሚያረባ ግቢ አለ። ወተቱን እኛም እንገዛለን፤ ውለታ አንክድም። እበቱ ግን ከአጥር ውጭ፣ የውኃ መውረጃው ቦይ አፍ ላይ ይቆለላል። ላዩ ደርቆ ቅርፊት ሠርቷል። በእንጨት ገለጥ ሲያደርጉት ውስጡ ይሞቃል፤ ልጆችዎ ነጭ ነጭ ሆነው ይርመሰመሳሉ። አቤት ልንል ሄድን። አንዱ ቢሮ "የከብት ጉዳይ ስለሆነ ወደ እንስሳት ክፍል ሂዱ" አለን። እዚያ "ላሞቹ ጤነኛ ናቸው፤ እበቱ ከላሟ ከወጣ በኋላ የኛ አይደለም" ተባልን። ሌላው ጋ "እኛ የምናየው የፋብሪካ ፍሳሽ ነው" አሉን። ቀጥሎ ያለው በደብዳቤ አምጡ አለ። አመጣን። መዝገብ ቤት አስገቡ አለ። አስገባን። ደብዳቤው እንደገባ ቀረ። እርስዎም መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ተቀምጠው ሙድ ሲይዙብን ነበር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። እኛ ዝም አላልንማ!

አንድ ጊዜ ደግሞ የሰፈር ተወካይ ተብዬ ቢሾፍቱ ዐውደ ጥናት ተጋብዣለሁ። ባነሩ ላይ ላም፣ ሰውና ዛፍ ተቃቅፈው ቆመዋል። "ቅንጅታዊ አሠራር" የሚለው ነገር ገና ከሻይ በፊት ጆሯችንን አደነቆረው። ባለድርሻ አካላት ተመሰገኑ። ክፍተቶች ተለዩ። አቅጣጫ ተቀመጠ። የአበል ወረቀቱ ሲዞር እርስዎ መጥተው ፊርማዬ ላይ አረፉ። ከዚያ አዳራሽ ተሰብሳቢ ሁሉ፣ በዚያን ቀን በረትም ሽንት ቤትም ረግጦ የመጣ እርስዎ ብቻ ነበሩ። አበል ግን ስምዎ አልተመዘገበም። ሳይነገር እንዳይቀር ብዬ ነው።

አሁን ትንሽ ቆጣ ልበልዎ። የአክስትዎ ልጅ፣ ያ ዓይን የሚወደው፣ በገጠሩ ምን እየሠራ እንደሆነ ያውቃሉ። እሱ የሚፈለፈለው ሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድር ነው። ልጁ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሏል። የዓይኑ ጠርዝ ላይ ሦስት አራት ሆነው ዓይናሩን ይልሳሉ። ልጁ እሽ ማለት ሰልችቶት ትቷል፤ ዓይኑን እንኳ አያርገበግብም። ከዚህ ተነስተው የእህቱ ዓይን ላይ ያርፋሉ። ትራኮማው ተመላልሶ ሲይዘው የዓይን ቆቡ ውስጡ ይጠባሳል፣ ወደ ውስጥ ይቀለበሳል፣ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን እየፋቀ ያሳውራል። ኢትዮጵያ በዚህ በሽታ ከዓለም እጅግ ከተጎዱት አገሮች አንዷ ናት። መከላከያው አራት ነገር ነው፦ ቀዶ ሕክምና፣ አንቲባዮቲክ፣ ፊት መታጠብና አካባቢን ማሻሻል። የፊተኞቹ ሁለቱ ባለቤት አላቸው፤ ሐኪምና ኪኒን ይቆጠራሉ፣ ለሪፖርት ይመቻሉ። ፊት ለመታጠብ ግን ውኃ ያስፈልጋል፤ ውኃው የሌላ መሥሪያ ቤት ነው። አራተኛው የሁሉም ነው ተባለ። የሁሉም የተባለ ነገር ምን እንደሚሆን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ቤትዎን የሠሩት እዚያ ላይ ነው።

ዋግ ኽምራ ውስጥ ተመራማሪዎች ለ3 ዓመት ውኃና ንፅህና ላይ ሠርተው ውጤቱን ሲለኩ፣ ትራኮማ ሥራው ካልተሠራባቸው ቀበሌዎች የተለየ ቅናሽ አላሳየም። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ። ሳቁ አይደል? እኔ ግን ከዚህ የምረዳው ሥራው ከንቱ ነው የሚለውን አይደለም። አንድ የውኃ ነጥብና ጥቂት ሽንት ቤት እርስዎን አያስደነግጥም ማለት ነው። እርስዎ የለመዱት ፕሮጀክት ሲዘጋ እዚያው መቆየት ነው። የአዲስ አበባው አተትም (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ትዝ ይልዎታል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት ሁላችንም እጅ ታጣቢ ሆነን ነበር። አተት ሲወጣ ሳሙናውም አብሮት ወጣ።

የቀረችኝ አቤቱታ የቁርጧ ናት። ጓደኛዬ ጋብዞኝ ጮማው ከነትከሻው ቀረበ። ሚጥሚጣው አጠገቡ፣ አዋዜው አጠገቡ። ቢላዋውን ሳነሳ እርስዎ ደርሰዋል። በእግርዎ ስለሚቀምሱ ገና ሲያርፉ ጣዕሙን ያውቁታል። ጥርስ ስለሌለዎት ምራቅዎን ይተፉበትና ሲሟሟ ይመጡታል። ይህን ሁሉ ባላውቅ ደስ ይለኝ ነበር። የባሰው ግን የያዙት ጓዝ ነው። ላሟ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ትወጋለች። መድኃኒቱን የለመደ ባክቴሪያ እበቷ ውስጥ ይቀራል። እርስዎ በጸጉራም እግርዎ ተሸክመው ለኔ ያደርሳሉ። የተወጋችው ላሟ፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ "ይሄ መድኃኒት አልሠራልህም፣ ይቀየር" የሚባለው እኔ! ጉደኛ ቅንጅት ነው።

ስለዚህ በትሕትና አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ኖቬምበር 3 የአንድ ጤና ቀን ነው። የሆነ አዳራሽ ውስጥ ኬክ ሊቆረስ ይችላል። እባክዎ ጠዋት ከኛ ሰፈር እበት ተነስተው፣ በገንዳው በኩል አድርገው፣ እግርዎን ሳይጠርጉ ይሂዱ። ከኋላ ወንበር አይቀመጡ። የክብር እንግዶቹ ፊት ያለው ኬክ ላይ፣ ክሬሙ መሐል፣ በሚገባ ይታዩ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የሰፈርዎ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለመዥገር
ለአይጥ
ለትንኝ፣ የማታ ፈረቃ
ለሚመለከተው አካል (አድራሻውን ስላጣነው በእርስዎ በኩል ይድረስልን)