በደጃችን የተጎተተችው

ወገኖቼ፣ የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት ሴት ነው። ስሟን አልጠራም፤ ልጆቿ አድገዋልና የእናታቸውን ስም ሁልጊዜ ከመከራዋ ጋር ተጣብቆ እንዲያገኙት አልሻም። እናንተ ግን ማን እንደ ሆነች ታውቃላችሁ፤ ያን ጊዜ ብዙዎቻችን በዓይናችን አይተናታል።

የካቲት 16 ቀን 2004 ዓ.ም. ቤይሩት ውስጥ፣ በአገራችን ቆንስላ ደጃፍ፣ አንድ ሰው አንዲት ኢትዮጵያዊት መሬት ለመሬት ጎተተ። ሴትየዋ የ33 ዓመት ሰው ነበረች፤ ሁለት ልጆቿን ትታ በሰው ቤት ልትሠራ ሊባኖስ የገባች እናት። የጎተታት ሰው ከአስቀጣሪ ኤጀንሲ ጋር የተያያዘ ነበር። ፀጉሯን ይዞ ሊያነሣት ይሞክራል፤ አልነሣም ብላ ትወድቃለች፤ እንደገና ይይዛታል፤ አልሄድም እያለች ትጮኻለች፤ በመጨረሻ ሌላ ሰው ያግዘውና በግድ መኪና ውስጥ ይከትቷታል። ይህን አንድ መንገደኛ ቀረጸው። ያ ሰው ባይቀርጸው ኖሮ ስለ እርሷ አንዲት ቃል ሳንሰማ እንቀር ነበር፤ ያልተቀረጹትን ስንቱን ሳንሰማ እንደ ቀረን እግዚአብሔር ይወቀው።

ፖሊስ ደረሰ። ፖሊስ ደርሶ ግን ጎታቾቿን አልያዘም፤ የያዘው እርሷን ነው። ወደ ማቆያ ተወሰደች፤ ከዚያም ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተዛወረች። የተቀረጸው ምስል የካቲት 29 ቀን፣ ዓለም የሴቶችን ቀን በሚያከብርበት ዕለት፣ በአንድ የሊባኖስ ቴሌቪዥን ታየ። እኛም አየን፤ ተንገበገብን፤ ለየወዳጆቻችን ላክነው፤ የረገመም ያለቀሰም ብዙ ነው። ያ ሁሉ ልቅሶ ግን አላዳናትም። መጋቢት 5 ቀን፣ ከተጎተተች ከ19 ቀን በኋላ፣ እዚያው ሆስፒታል ሳለች በገዛ እጇ ሕይወቷ አለፈ። በጎተታት ሰው ላይ ክስ የተመሠረተው ከሞተች በኋላ ነው።

የዚያን ሰው ጭካኔ ይቅር አልልም፤ ከእርሱ ይልቅ ግን ይቅር ማለት ያቃተኝ ቦታውን ነው። ሰው በባዕድ አገር ሲጨንቀው የመጨረሻ ተስፋ አድርጎ የሚያየው በር የአገሩ ባንዲራ የተሰቀለበት በር ነው። ያች ሴት የተጎተተችው ባልታወቀ ሰፈር፣ በተቆለፈ ቤት ውስጥ ቢሆን ኖሮ አልሰማንም፣ አላየንም እንል ነበር። የተጎተተችው በቀን፣ በሰው ፊት፣ በእኛው ደጅ ነው። ጎታቿም የሚጠይቀው እንደሌለ እርግጠኛ የነበረ ይመስላል። ይህን እርግጠኝነት ከየት አመጣው? እኔ እንደሚመስለኝ ከእኛ ነው፤ ሴት ልጆቻችንን ያለ ዋስ፣ ያለ መድን፣ ያለ ጠያቂ ስንልክ ዓመታት ሲያይ ከኖረው ነው።

ዕድር ያለን ሕዝብ ነን። በየወሩ ከትንሿ ገቢያችን ቀንሰን የምናዋጣው ሞት ሳይታሰብ እንደሚመጣ ስለምናውቅ፣ ጎረቤታችን ብቻውን እንዳይቀበር፣ ቤተሰቡም ሜዳ ላይ እንዳይወድቅ ብለን ነው። ታዲያ ይህን የሚያውቅ ሕዝብ አንዲት ልጅ አረብ አገር ልትሄድ ስትነሣ ምን ያደርጋል? ለደላላው ብር ይበደርላታል፤ ሻንጣ ይገዛላታል፤ እስከ ቦሌ ድረስ ይሸኛታል። ብትታመም ማን ያሳክማታል፣ ደመወዟን ቢከለክሏት በማን ገንዘብ ትከራከራለች፣ ብትሞት አስከሬኗን ማን ያመጣል ብሎ የሚጠይቅ ግን ከሸኚዎቿ መካከል ማን ነው? የምንጠይቀው መቼ ገንዘብ እንደምትልክ ነው። ይህን ስል ራሴን ነጥዬ አይደለም።

ሌላ ሕዝብ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 17 ቀን 1995 ሲንጋፖር ፍሎር ኮንቴምፕላሲዮን የምትባል ፊሊፒናዊት የቤት ሠራተኛን በነፍስ ግድያ ወንጀል ፈርዳባት በስቅላት ቀጣች። ብዙ ፊሊፒናውያን ንጹሕ ናት ብለው ያምኑ ነበር፤ ፕሬዚዳንታቸው ምሕረት ለምነው አልተሰማቸውም። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። ቁጣው ግን በሲንጋፖር ላይ ብቻ አላበቃም፤ ፊቱን ወደ ገዛ መንግሥቱ አዞረና እናንተስ የት ነበራችሁ ብሎ ጠየቀ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ወር፣ ውጭ አገር የሚሠሩ ዜጎችን የሚጠብቀው ቁጥር 8042 ሕግ ጸደቀ። ሠራተኞቻቸው በሚበዙባቸው አገሮች ኤምባሲው መጠጊያና ምክር የሚገኝበት ማዕከል እንዲኖረው የሚያዝዘው ይህ ሕግ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ሕጉን አሻሽለው መድንን ግዴታ አደረጉት። በኤጀንሲ በኩል የምትሄድ ሠራተኛ ከአገር ከመውጣቷ በፊት ኤጀንሲው ኢንሹራንስ ይገባላታል፤ ክፍያውን ከእርሷ ላይ መቀነስ አይፈቀድለትም። በአደጋ ብትሞት ለቤተሰቧ ቢያንስ 15 ሺህ ዶላር፣ በተፈጥሮ ሞት ብትሞት 10 ሺህ ዶላር፣ ሙሉ በሙሉ ከሥራ የሚያስቀር ዘላቂ የአካል ጉዳት ቢደርስባት 7,500 ዶላር ይከፈላል። አስከሬኗን ከነንብረቷ ወደ አገሯ ማድረስ የመድኑ ግዴታ ነው። አሠሪዋን ከስሳ እዚያው ስትከራከር በወር 100 ዶላር፣ እስከ ስድስት ወር ድረስ መተዳደሪያ ታገኛለች። እኔን ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ግን ሌላው አንቀጽ ነው፤ ቢያንስ ሰባት ተከታታይ ቀን ሆስፒታል ከተኛች፣ አንድ የቤተሰቧ አባል ሄዶ እንዲጠይቃት የመጓጓዣውን ወጪ ኢንሹራንሱ ይሸፍናል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ያች እናት በዚያ ሆስፒታል የተኛችበት አልጋ ትዝ አለኝ። በቋንቋዋ አይዞሽ የሚላት እህት ወይም ወንድም አጠገቧ ቢኖር ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር ማንም አያውቅም።

ፊሊፒንስ ችግሯን ጨረሰች አልልም። እ.ኤ.አ. በ2018 ኩዌት ውስጥ የአንዲት ፊሊፒናዊት አስከሬን፣ ከአንድ ዓመት በላይ ተዘግቶ በኖረ አፓርታማ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተገኝቷል፤ ሕጉም ኢንሹራንሱም አላዳናትም። መንግሥቷ ግን ወደ ኩዌት የሚሄዱትን አገደ፤ በሦስት ወር ውስጥም አሠሪ ፓስፖርት እንዳይዝ፣ ሠራተኛ ስልኳን እንዳትነጠቅና በሳምንት አንድ ቀን እንድታርፍ የሚል ስምምነት አስፈረመ። በእነርሱ ዘንድ የአንዲት ሴት ሞት ወደ ወረቀት ይወርዳል፤ ወረቀቱም ቀጥላ ለምትሄደው ይደርሳል።

እኛስ? ሕግ የለንም ማለት ሐሰት ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 የመድን ሽፋንን ወጪ አሠሪው እንዲችል አዝዟል፤ ሥምሪቱም የሁለትዮሽ ስምምነት ወዳለበት አገር ብቻ እንዲሆን ደንግጓል። ነገር ግን ስንቶቹ እህቶቻችን ናቸው በዚህ መስመር የሚሄዱት? በደላላ፣ በበረሃ፣ በባሕር የሄደችው በአዋጁ ጥላ ሥር አይደለችም። እርሷ ስትሞት ሕገ ወጥ ስደተኛ ተብላ ትመዘገባለች፤ እኛም ያን ቃል ስንሰማ ጥፋቱ የራሷ የሆነ ይመስል ዝም እንላለን። በ2012 ዓ.ም. የክረምት መግቢያ የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ፣ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በመኪና እያመጡ እዚያው ቤይሩት ቆንስላችን ደጅ ጥለዋቸው ሄዱ። ደመወዝ ያልተከፈላቸው፣ ፓስፖርታቸውን ያልያዙ ሴቶች ከነሻንጣቸው አስፋልት ዳር አደሩ። ስምንት ዓመት አልፎ ነበር፤ እኛም ልክ እንደ መጀመሪያው ጊዜ ደነገጥን።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ የምለምናችሁ ድንጋጤን አይደለም፤ ድንጋጤስ አላነሰንም። ልጃችሁን፣ እህታችሁን የምትሸኙ ከሆነ ኮንትራቷን አንብቡ፤ የኢንሹራንስ ወረቀቷን በእጃችሁ ሳትይዙ አትሸኙ፤ ኤጀንሲው አያስፈልግም ካላችሁ ስሙን ይዛችሁ አመልክቱ። የዕድር ዳኞች፣ ከአባሎቻችሁ ቤት ስንት ልጅ ውጭ አገር እንዳለች መዝግቡ፤ የት እንዳለች፣ በማን በኩል እንደ ሄደች ጠይቁ። ድምፃችሁን ሊጠይቅ የሚመጣውን ተመራጭ፣ በስውር መንገድ ለሄዱትም ቢሆን የሚደርስ የመመለሻና የሕክምና ፈንድ የት እንዳለ ጠይቁት፤ መልስ ሳይሰጥ አትልቀቁት።

ይህን ሁሉ ከዚህ በፊትም ብዙዎች ብለውታል፤ ስጽፈውም ድካም ይሰማኛል። ሆኖም ፊሊፒናውያን ከመጀመሪያው ሕጋቸው ኢንሹራንሱን ግዴታ እስከሚያደርጉ ድረስ 15 ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ጥያቄውን ደጋግመው የሚያነሡ ሰዎች ነበሯቸው። እኛም ዘግይተናል እንጂ ጊዜው አላለፈብንም ብዬ ዛሬም እጠይቃችኋለሁ።